ፊቱን ያላየሁበት ክረምት

ሰኞ ማታ

ደሜ ፈልቶ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ለዚህ ነው የምጽፈው። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ዛሬ የሙሽራውን ኮት ገደለው። ሌላ ቃል የለውም። ገደለው።

ጨርቁ ባለ መስመር ነው። ባለ መስመር ጨርቅ ደግሞ አጥፈህ የኮቱን የቀኝና የግራ ፊት ባንዴ አትቆርጥም፤ መስመሩ ይሸሽብሃል። ዘርግተህ፣ የልኩን ካርቶን አስቀምጠህ፣ ዙሪያውን በጠመኔ አስምረህ አንዱን ትቆርጣለህ። ከዚያ ካርቶኑን ገልብጠህ ሌላውን። ካልገለበጥክ ሁለት የቀኝ ፊት ይኖርህና ግራ የሌለው ኮት ታቅፈህ ትቀራለህ። ይህንን አባታችን ያስተማረን እግራችን የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ሳይደርስ ነው። እስከ ዛሬ ጋሼ መቀሱን ሲያነሳ እኔ ከመኪናዬ ቀና ሳልል «ገለበጥክ?» እላለሁ፤ እሱ «ገልብጫለሁ» ይላል። እሱ ቆራጭ፣ እኔ ሰፊ፤ ዕድሜያችንን የገፋነው በዚህች ቃል ነው።

ዛሬ ሙሽራው ሲመጣ ጋሼ ሁለቱን ፊት ደረቱ ላይ ሊያሳየው ዘረጋቸው። ሁለቱም የቀኝ! ሙሽራው ምኑም አልገባውም፤ «ያምራል» ይላል ምስኪን። እኔ ግን ጨስኩ። ጋሼ ቀኝ እጁን ገልበጥ መለስ እያደረገ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል እያየው፣ «እጄ ከዳኝ» አለ።

«የከዳህ እጅህ አይደለም፣ ጭንቅላትህ ነው! አርጅተሃል በቃ። መቀሱን አስቀምጥና ቁልፍ ትከል» አልኩት። ሙሽራው ፊት፣ ቁልፍ የምትተክልልን እትዬ ፊት። ይባስ ብዬ መቀሱን ከእጁ ነጠቅኩት። ጃንጥላውን ረስቶ በዝናብ ወጣ።

አሁን ሳስበው፣ ዛሬ «ገለበጥክ?» አላልኩትም። ስልክ ይዤ ነበር። ግን ስድሳ ያለፈው ቆራጭ እንደ ጀማሪ ይጠየቃል እንዴ?

ረቡዕ

ኩርፊያ ላይ ነን። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ መልሼለታለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም። ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተን እንሠራለን። ወሬ ካለን በእትዬ በኩል ነው።

«እትዬ፣ ለዚያ ሰውዬ ገበሩ አልቋል በዪው።»

«እትዬ፣ ለዚያ ሰውዬ ሰምቻለሁ በዪው።»

«ለአስተርጓሚነቱም ይከፈለኝ እንግዲህ!» አለች እትዬ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ። «ሽበት አብቅላችሁ እንደ ሕፃን መኳረፍ አያሳፍራችሁም? አንተም ታናሽ ነህ፤ ዝቅ በል።»

ታናሽ ዝቅ ይላል። ጥፋተኛው ታላቅ ሲሆንስ?

ዓርብ

የጋሼ ልጅ፣ አስተማሪዋ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቅ ጎራ አለች። አባቷ ወጥቶ ነበር። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እሱን የምትጠብቀው እሷ ናት።

«አጎቴ፣ አባዬን ታዘብከው? ትናንት ቁርስ ላይ ኩባያ ከእጁ ወደቀ። ከዚያ እኔን በእማዬ ስም ጠራኝ። አፉም ትንሽ የተጣመመ መሰለኝ። ወዲያው ግን ተመለሰና ሳቀብኝ።»

«ተናዶ ነው። እኔም ስናደድ የገዛ ስሜ ይጠፋኛል።»

«ሐኪም ቤት ልውሰደው እንዴ?»

«ኩባያ የጣለ ሁሉ ሐኪም ቤት ከሄደማ ሐኪሞቹ መቀመጫ ያጣሉ» ብዬ አሳቅኳት። እኔ ቀልድ መች አጣለሁ።

ሰኞ

ያንኑ ባለ መስመር ጨርቅ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ዋልኩ። ተገኘ፣ ተመስገን። ጋሼ እንደገና ይቆርጠዋል። እኔ ግን አልለምነውም፤ በእትዬ በኩል ይነገረው።

ማክሰኞ

ሆስፒታል። ጋሼ አይናገርም። ቀኝ እጁም ቀኝ እግሩም ዝሏል። ስትሮክ ነው አሉ። ፈጣሪዬ፣ ጉድ አታድርገኝ። ሌላ መጻፍ አልችልም።

ረቡዕ ማታ

ልጁ አጠገቡ ናት፤ እኔን ሂድና ተኛ አሉኝ። የምን መተኛት።

ትናንት ከምሳ በፊት እትዬ ቁልፍ ልታሳየው ወደ ጋሼ ጠረጴዛ ሄዳ ነበር። «ኧረ ልጆች! ኧረ ይሄ ሰውዬ ምን ሆነ!» ብላ ጮኸች። ዞር ስል ጋሼ ወንበሩ ላይ ወደ ቀኙ ዘንበል ብሏል፤ ግማሽ ፊቱ ወርዷል፤ ምራቁ ሸሚዙ ላይ። ዓይኑ ግን ነቅቶ እኔን እኔን ያያል።

ሰፈሩ ሁሉ መጣ። አንዱ ብርድ ነው፣ ሻል አልብሱት ይላል። አንዱ ውሃ በላዩ ድፉበት ይላል። ፀጉር አስተካካዩ አስፕሪን ይዞ ሲሮጥ መጣ፤ እትዬ «መዋጥ የማይችል ሰው ታንቀዋለህ!» ብላ እጁን መታችው። ታክሲ ይዘን ከነፍን።

ድንገተኛ ክፍል አንዲት ወጣት ዶክተር ተቀበለችን። ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር።

«ደህና ሆነው መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ጠዋት ሱቅ ገብቷል» አልኳት።

«ሲገቡ ደህና ነበሩ? አነጋግረዋቸዋል? ፊታቸውን አይተዋል?»

ወደ እትዬ ዞርኩ።

«አባባ፣ ሰዓቱ ያስፈልገኛል። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ግን ከጀመራቸው ጥቂት ሰዓት ካለፈ ይጎዳቸዋል እንጂ አይጠቅማቸውም፤ አንጎል ውስጥ ሊያደማ ይችላል። መቼ እንደጀመራቸው ካላወቅን ደፍሬ አልሰጥም። አብረው አልነበሩም?»

አብረን ነበርን እንጂ! አንድ ክፍል ውስጥ፣ እጄን ብዘረጋ ትከሻውን የምነካበት ቦታ። ልጁም ጠዋት ተኝቶ ትታው ነው ወደ ሥራ የወጣችው። እትዬ ከምሳ በፊት ነው የመጣችው። ከእኔ በቀር ሊያየው የሚችል ሰው አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ሰኞ ወዲህ የወንድሜን ፊት አላየሁም።

መድኃኒቱን አልሰጡትም።

ዓርብ

ዶክተሯ ዛሬ ወንበር ስባ ቁጭ ብላ አስረዳችን። ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የደም ቧንቧ ፈንድቶ አንጎል ውስጥ ሲደማ፣ ሌላው ቧንቧው ሲዘጋ። ሲቲ ስካን በሚሉት የጭንቅላት ራጅ ዓይተው ነው የሚለዩት፤ ለዚህ ነው አስፕሪኑም ዝም ብሎ የማይሰጠው። የጋሼ መዘጋት ነው። ልቡ ምቷን ትስታለች አለች። ምት ሲዛባ ደም ልብ ውስጥ ቆሞ ይረጋል፤ የረጋችው ቁራጭ ተነስታ ወደ አንጎል ደም በሚወስደው ቧንቧ ትሄድና ሲጠብባት ትወተፋለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ቦታ ደም አጥቶ ይሞታል። የሞተበት ደግሞ የቃል ቦታ ነው።

«ቺንጋው እንደሚንሸራተት የስፌት መኪና ነዋ፤ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይቆማል» አልኳት።

«እንደዚያ ይበሉት። ከዚህ በፊት ምልክት አልነበረም? እጅ መክዳት፣ ዕቃ መጣል፣ ስም መሳት፣ ትንሽ ቆይቶ የሚተው?»

የጋሼ ልጅ ወደ እኔ ዞረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ትንሽ ቁራጭ ትዘጋና ራሷ ትሟሟለች። ሰው አለፈ ብሎ ይረሳታል» አለች ዶክተሯ። «አለፈ ማለት ግን ተመልሶ አይመጣም ማለት አይደለም።»

«እጄ ከዳኝ» ነበር እኮ ያለው። በግልጽ ቋንቋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የእኔንም የደም ግፊት ለካችኝ። ከፍ ብሏል፤ ወንድማማቾች ስለሆናችሁ ልብዎንም እንየው፣ ቀጠሮ ይያዙ አለች። እሺ አልኩ። ነገ እይዛለሁ።

ሐሙስ

ጋሼ ቃል አወጣ! አንድ ቃል። «ነገ።»

ልጁ አቅፋው አለቀሰች። ውሃ ልስጥህ? «ነገ።» ያምሃል? «ነገ።» ይህቺን ታውቃታለህ? ወደ ልጁ እየጠቆሙ ሲጠይቁት ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ነገ፣ ነገ።» የሚባለውን ይሰማል፤ የሚለውንም ያውቃል፤ አፉ ላይ የምትመጣለት ግን እሷ ብቻ ናት። ዶክተሯ አንዳንዴ እንዲህ አንዲት ቃል ብቻ ትተርፋለች አለች።

እትዬ ልትጠይቀው መጥታ «ዕድሜ ልኩን ደንበኛ መቼ ይደርሳል ሲለው ነገ ሲል ኖረ፤ የልብስ ሰፊ አፍ ሌላ ምን ያስቀራል?» አለች። ሳቅን። ጋሼም በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ከዚያ ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳ ይዤ አለቀስኩ።

እሑድ

ጋሼ ቤቱ ገባ። ጠያቂ ሲመጣ ቡና አፍልተን፣ ሲሄድ ኩባያ አጥበን እንውላለን። አንዷ ጎረቤት በር ላይ ለሌላዋ «ታናሽየው ነው አሉ ያናደደው» ስትል ሰማሁ። ዶክተሯ ንዴት ብቻውን ደም አያረጋም ብላኛለች። ሄጄ ላስረዳት ፈልጌ ነበር። ምን ብዬ?

ማክሰኞ ማታ

ብቻችንን ስንሆን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ሙሽራው ፊት የተናገርኩህን፣ ይቅር አልከኝ?»

«ነገ» አለኝ።

ሌላ ቃል እንደሌለው አውቃለሁ። አውቃለሁ። ግን ቤቴ እስክደርስ ጆሮዬ ውስጥ ነበረች። የመጨረሻ ሙሉ ንግግራችን የእኔ ስድብ ነው፤ የእሱ መልስ አንጎሉ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። ቢረግመኝስ ኖሮ? ቢረግመኝም ሰምቼው ቢሆን።

ዓርብ

ፊዚዮቴራፒ የምትሠራለት ልጅ ብርቱ ናት። እግሩ ትንሽ ትንሽ መርገጥ ጀመረ። ቀኝ እጁ ገና ነው። በግራው ማንኪያ ይይዛል። ደም የሚያቀጥነውን ክኒን ልጁ በሰዓቱ ትሰጠዋለች፤ አንዲት ቀን አታልፋትም።

እኔ ዛሬ መርፌ አልያዝልህ አለኝ። ግራ እጄ ደነዘዘ፤ ትንሽ ቆይቶ ተወኝ። ተኝቼበት ይሆናል።

«አጎቴ፣ ቀጠሮውን ያዝክ?» አለችኝ የጋሼ ልጅ።

«ነገ።»

«እናንተ ሰዎች እኮ!» አለችና ወጣች።

ሰኞ ማታ

እስካሁን ያልጻፍኩት አለ። ለዶክተሯም አልነገርኳትም፤ ለራሴም እንደዚያው።

የዚያን ማክሰኞ ጠዋት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ከመምታቱ በፊት፣ ከኋላዬ መቀሱ ሲወድቅ ሰምቻለሁ። ጋሼ መቀስ አይጥልም። አባታችን ወለል ላይ የወደቀ መቀስ ስለቱ ይሞታል ይለን ስለነበር ሁለታችንም ከሕፃን ይበልጥ ነው የምንጠነቀቅለት። ሰማሁ። ሲያነሳውም አልሰማሁም። «ያንሳው ራሱ፤ አላነሳለትም» ብዬ መስፋቴን ቀጠልኩ። አንድ ሱሪ ጨርሼ ሁለተኛውን ጀመርኩ።

ዞር ብል ኖሮ ሰዓቱን አውቀው ነበር። ዞር ማለት ምን ያህል ይከብዳል? አንገት ነው።

ሐሙስ

ሙሽራው መጣ። ሠርጉ ደርሷል። ሌላ ሰፊ ጋ ሂድ አልኩት፤ «እኔ የመጣሁት እናንተ ጋ ነው፤ ያንተ ወንድም ልኬን ይዟል» አለ። እኔ ኮት ቆርጬ አላውቅም፤ የተቆረጠ መስፋት ነው የማውቀው። ግን ቅዳሜ እቆርጣለሁ። ፊዚዮቴራፒስቷም ጋሼን ወደሚያውቀው ቦታ ውሰዱት፣ ያነቃዋል ብላለች፤ ልጁ ባለ ጎማ ወንበሩን እየገፋች ታመጣዋለች።

ደረጃ ስወጣ ግራ እግሬ ተሳሰረ። ጫማው ነው።

እሑድ፣ ሆስፒታል

በቀኝ እጄ ነው የምጽፈው። ግራዬ ገና ሰነፍ ነው፤ ጣቶቼ ግን ይታጠፋሉ። እንደሚሆን እንደሚሆን ልጻፈው።

ትናንት ጋሼ ሱቅ ገባ። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ልጁ ወንበሩን ጠረጴዛው ዳር አቆመችውና ጠመኔ በግራ እጁ አስያዘችው፤ «ያዝ፣ ሹም ነህ» ብላ። ከዚያ ከእትዬ ጋር ዳቦ ልትገዛ ወጣች።

ፊት ለፊቱ ቆምኩ። በዚህ ክረምት ሙሉ በሥራ ላይ ፊት ለፊት ስንሆን ይህ መጀመሪያ ነው። ጨርቁን ዘረጋሁ፣ ካርቶኑን አስቀመጥኩ፣ አንዱን ፊት ቆረጥኩ። ላብ በላብ። ጋሼ በየመቀሱ ንክሻ ራሱን ይነቀንቃል። ደስ አለኝ። ካርቶኑን ወደ ታች ሳብኩና ሁለተኛውን ማስመር ጀመርኩ።

ጋሼ ጠረጴዛውን መታ።

«ምነው?» አልኩት።

ደግሞ መታ። በጠመኔው ካርቶኑን ይነካል፤ እጁን ያገላብጣል። ወደ ታች አየሁ። አልገለበጥኩትም። ልስቅ ነው፤ «አየህ፣ በዘር ነው» ልለው ነው፤ ምላሴ ግን አፌ ውስጥ ወፈረብኝ። ግራ እጄን ካርቶኑ ላይ አየሁት። የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር።

ያኔ ጋሼ ካርቶኑን ተወና ፊቴን ማየት ጀመረ። ልጁና እትዬ ሲገቡ ወንበር ይዤ ቆሜያለሁ። ሁለቱም ጮኹ።

«ምንም አይደለም» አልኩ። ቃሉ ተኮላተፈብኝ። «ደክሞኝ ነው። ነገ እታያለሁ።»

«ዛሬ!»

ማን እንደተናገረ ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ። ጋሼ ነው። ደም ሥሩ ተገትሮ፣ በግራ እጁ ሸሚዜን ጨምድዶ፣ «ዛሬ! ዛሬ!» ይላል። ልጁ ዳቦውን ጥላ ታክሲ ልትጠራ ሮጠች።

ጋሼንም ከነወንበሩ ይዘን ሆስፒታል ስንደርስ ያቺው ወጣት ዶክተር ነበረች። ያንኑ ጠየቀች።

«ደህና ሆነው መጨረሻ የታዩት መቼ ነው?»

የጋሼ ልጅ «ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነበር» አለች። እትዬ «እኔም ከእሷ ጋር» አለች። ሲጨነቁ ይሰማኛል፤ እኔ መናገር አልችልም። ያኔ ጋሼ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጭኑን ይመታ ጀመር። ጠመኔው አሁንም በእጁ ነው። ጥቁር ሱሪው ላይ፣ በግራ እጁ፣ የተንጋደደች ክብ አሰመረ። ውስጧ ሁለት መስመር፤ አንዷን አጭር፣ አንዷን ረጅም።

ዶክተሯ ጎንበስ ብላ አየችው። «ሰዓት ነው? ሱቅ ውስጥ ሰዓት አለ?»

«ከጠረጴዛው በላይ ተሰቅሏል» አለች ልጁ።

«እስከዚህ ሰዓት ደህና ነበሩ? እያዩዋቸው ነበር?»

ጋሼ አዎ ለማለት ራሱን ነቀነቀ። ዶክተሯ እንደገና፣ በሌላ አነጋገርም ጠየቀችው። እንደገና ነቀነቀ፤ ጠመኔውን አጭሯ መስመር ላይ ተጭኖ ሰበረው። ከዚያ ራጅ፣ ከዚያ መርፌ። የረጋው ደም ሟሟ። ዛሬ ጠዋት ምላሴ ተፈታ።

ሲያስታምመኝ ያደረው እሱ ነው፤ ሂድ ቢሉት እምቢ ብሎ። አሁንም አልጋዬ ዳር ነው። ኮቱን ሌላ ሰፊ እንዲጨርሰው እትዬ ሰጥታዋለች። መድኃኒቱ ለእሱ አልደረሰለትም፤ ለእኔ ደረሰልኝ። ይህንን የት እንደማደርገው አላውቅም። ስለ መቀሱ ነገርኩት። መውደቁን፣ መስማቴን፣ አለማንሳቴን፣ ሁሉን። አድምጦ ጨረሰ።

«ጋሼ፣ ይቅር አልከኝ?»

ዛሬ ሁለት ቃል አለው፤ መምረጥ ይችላል። ትንሽ አሰበ።

«ነገ» አለኝ፣ በግማሽ ፊቱ እየሳቀ። ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት።